ደም አንሶ ብረት ሲበዛ፦ ታላሴሚያና ከበሽታው ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የሚጠቅሙ እውነታዎች

«ደም ማነስ አለብህ» የተባለ ሰው ከቤተሰቡም ሆነ ከጎረቤቱ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው። ጉበት ብላ፣ ቀይ ሥርና ጎመን አዘውትር፣ ምስር አይለይህ ይባላል። ወደ ጤና ተቋም የሄደ እንደሆነም ብዙውን ጊዜ የብረት እንክብል ይታዘዝለታል። ምክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ በዓለም ላይ ለሚታየው የደም ማነስ ቀዳሚው ምክንያት የብረት ማዕድን እጥረት ነውና። ነገር ግን የደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም። ደሙ እያነሰ፣ በሰውነቱ ውስጥ ግን ብረት ከልክ በላይ የሚከማችበት ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ያው በጎ ምክር ጎጂ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ የሆነው ታላሴሚያ ከእነዚህ በሽታዎች ዋነኛው ነው።

«የፊዚክስ መምህርን በደም በሽታ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ፣ መልሱም አጭር ነው። ከባድ ታላሴሚያ ያለበት ሰው ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው ወደ ሰውነቱ በሚገባውና ከሰውነቱ በሚወጣው ብረት ሚዛን ሲሆን፣ ይህን ሚዛን ለመረዳት ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና የማግኔት ሕግጋት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በሽታው ምን እንደሆነ፣ ብረት ለምን እንደሚከማች፣ ክምችቱ እንዴት እንደሚወገድና እንደሚለካ፣ በመጨረሻም ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ታላሴሚያ ምንድን ነው?

ቀይ የደም ሕዋሳት ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክመው ለመላው አካል የሚያድሉት ሄሞግሎቢን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ነው። አንድ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተዋቀረ ሲሆን፣ ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ደግሞ ቤታ ይባላሉ። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ አንድ የብረት አቶም ይገኛል፤ ኦክሲጅኑን የሚይዘውም ይኸው አቶም ነው። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ አራት የብረት አቶሞች አሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አልፋና ቤታ እንደ ጥማድ በሬዎች ናቸው። አንዱ አልፋ ከአንዱ ቤታ ጋር ይጠመዳል፤ ሁለት ጥማድ ሲገናኝ ሙሉ ሄሞግሎቢን ይሆናል። ታላሴሚያ ማለት በዘር በሚወረስ የጂን ጉድለት ምክንያት የአንደኛው ሰንሰለት ምርት የሚቀንስበት ወይም ፈጽሞ የሚቋረጥበት በሽታ ነው። የአልፋው ሲጎድል አልፋ ታላሴሚያ፣ የቤታው ሲጎድል ቤታ ታላሴሚያ ይባላል። በቤታ ታላሴሚያ ጊዜ ጥማድ ያጣው አልፋ ሥራ ፈትቶ ብቻ አይቀመጥም። በሕዋሱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ቀይ የደም ሕዋስም ከውስጥ ያበላሸዋል። በመሆኑም አብዛኞቹ ሕዋሳት ወደ ደም ሥር ሳይወጡ እዚያው ይሞታሉ። መቅኔው ጉድለቱን ለመሙላት ከዐቅሙ በላይ ሲሠራ ይሰፋል፤ የፊትና የራስ ቅል አጥንት ቅርጽ ሊለወጥ፣ ጉበትና ጣፊያም ሊያብጡ ይችላሉ።

በሽታውን በዝርዝር በመግለጽ የሚታወቀው የዲትሮይቱ የሕፃናት ሐኪም ቶማስ ኩሊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1925 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ዊፕልና ዊሊያም ብራድፎርድ ታላሴሚያ የሚለውን ስም አወጡለት። ስሙ «ታላሳ» ከሚለው፣ ትርጉሙም ባሕር ከሆነው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ የታወቁት ሕሙማን ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች ስለነበሩ ነው። ዛሬ በሽታው ከሜዲትራኒያን ተነሥቶ በመካከለኛው ምሥራቅና በህንድ በኩል እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በሚዘልቅ ሰፊ መቀነት ላይ እንደሚገኝ ይታወቃል። ቀለል ያለው የአልፋ ታላሴሚያ ዓይነት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ ሀገሮችም በስፋት ይታያል። ይህ መቀነት ወባ ለዘመናት ሲያጠቃው ከኖረ ምድር ጋር መገጣጠሙ እንዲያው የሆነ አይደለም። ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1949 እንደገመተው፣ አንድ ጉድለት ያለበት ጂን ብቻ የወረሰ ሰው ወባን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። ጂኑ በትውልድ መካከል ተጠብቆ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤታ ታላሴሚያ ደረጃ አለው። የሰውነታችን ሕዋስ ሁለት የቤታ ጂኖች አሉት፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት ይወረሳል። አንዱ ብቻ ጉድለት ሲኖረው ሰውየው «ተሸካሚ» ይባላል፤ ቀላል የደም ማነስ ሊታይበት ቢችልም ጤናማ ሆኖ ይኖራል። ሁለቱም ጂኖች በከፋ ሁኔታ ሲጎድሉ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይገረጣል፣ እድገቱም ይገታል። ሲወለድ ምልክቱ የማይታይበት ምክንያት በማሕፀን ሳለ የሚሠራው ሌላ ዓይነት ሄሞግሎቢን ለጥቂት ወራት ስለሚያቆየው ነው። ይህ ከባዱ ዓይነት በየሁለት እስከ አምስት ሳምንቱ ደም መውሰድን የግድ ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዓይነት ደግሞ ደም መውሰድን አልፎ አልፎ ብቻ ይጠይቃል።

የብረት ሒሳብ

ከላይ እንዲታወስ የጠየቅነው ቁጥር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የሄሞግሎቢን ሞለኪውላዊ ክብደት 64,500 ያህል፣ የብረት አቶማዊ ክብደት ደግሞ 56 ያህል ነው። አራት ጊዜ 56ን ለ64,500 ብናካፍል፣ አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 3.4 ሚሊግራም ገደማ ብረት እንደሚይዝ እንረዳለን። ከአንድ ለጋሽ የሚገኝ አንድ ከረጢት ደም 60 ግራም ያህል ሄሞግሎቢን ስላለው፣ ከደሙ ጋር 200 ሚሊግራም ያህል ብረት ወደ ተቀባዩ ይገባል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መልሱን ለማግኘት ሁለት ቁጥሮችን እናነጻጽር። በጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚገኘው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ከቆዳና ከአንጀት ግድግዳ በሚረግፉ ሕዋሳትና በመሳሰሉት አማካይነት በየቀኑ የሚወጣው ደግሞ 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ትርፍ ብረትን አስቦ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ ኩላሊት ትርፍ ጨውን እንደሚያስወግድ ብረትን የሚያስወግድ የአካል ክፍል አልተፈጠረልንም። በሌላ አነጋገር ለብረት መግቢያ እንጂ መውጫ በር የለም። በአንድ ከረጢት ደም የገባው ብረት በተፈጥሮ መንገድ ይውጣ ቢባል 200 ቀናት ገደማ ይፈጃል።

አሁን በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ከረጢት ደም የሚወስድን ሰው እናስብ። በዓመት 17 ጊዜ ያህል፣ በድምሩ 34 ከረጢት ይወስዳል። 34ን በ200 ሚሊግራም ስናባዛ 6.8 ግራም ይሆናል። በአንድ ዓመት ብቻ የአንድን ጤናማ ሰው ጠቅላላ ብረት እጥፍ ያህል ተቀበለ ማለት ነው። ሕይወቱን የሚያቆየው ደም ያንኑ ሕይወት የሚያሰጋውን ብረት ይዞለት ይመጣል።

ደም የማይወስዱ ታላሴሚያ ያለባቸው ሰዎችም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደሉም። በአንጀት በኩል የሚገባውን ብረት የሚቆጣጠረው በጉበት የሚሠራው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሄፕሲዲን እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ሲበዛ በሩ ይጠብባል፣ ሲያንስ ይከፈታል። የሚታገለው መቅኔ «ደም ልሠራ ነውና ብረት አምጡ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ሲያሰማ ሄፕሲዲን ይቀንሳል፤ ሰውነቱ በብረት ተሞልቶ ሳለ አንጀት ከምግብ ተጨማሪ ብረት ይስባል። ለእንዲህ ያለ ሰው የብረት እንክብል መስጠት በሚጥለቀለቅ ጋን ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው።

ብረት እንዴት ይጎዳል?

በደም ውስጥ ብረትን የሚያጓጉዘው ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ከዐቅሙ በላይ ሲሆንበት የተረፈው ብረት ልቅ ሆኖ ወደ ጉበት፣ ወደ ልብ ጡንቻና ሆርሞን ወደሚያመነጩ ዕጢዎች ይገባል። ልቅ ብረት አደገኛ የሚሆነው ኤሌክትሮንን በቀላሉ የሚሰጥና የሚቀበል በመሆኑ ነው። ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳስተዋለው፣ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ጠንካራ ኦክሲዳይዝ የማድረግ ኃይል ይፈጠራል። ዛሬ እንደምናውቀው የዚህ ምክንያቱ ሃይድሮክሲል ራዲካል ነው። ራዲካሉ የሕዋስን ሽፋን፣ ፕሮቲንንና ዘረመልን ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። ውጤቱም የጉበት ጠባሳ፣ የስኳር በሽታ፣ የጉርምስና መዘግየት፣ የታይሮይድ ድክመት፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የልብ ምት መዛባትና የልብ ድካም ነው። የብረት ክምችትን የሚያስወግድ ሕክምና ባልነበረበት ጊዜ ደም በመደበኛነት የሚወስዱ ልጆች በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ በልብ ድካም ይሞቱ ነበር።

የሸርጣን ጥፍር

ተፈጥሮ መውጫ በር ስላላበጀለት የሰው ልጅ መውጫውን በኬሚስትሪ አበጀ። ብረትን ጨብጠው በሽንት ወይም በሰገራ የሚያስወጡ መድኃኒቶች ኪሌተር ይባላሉ። ቃሉ የመጣው የሸርጣን ጥፍር ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል ነው፤ ሞለኪውሉ የብረትን አቶም ዙሪያውን እንደ ጥፍር ስለሚይዘው ነው። የብረት አቶም በስድስት ቦታዎች ሊያዝ ይችላል። ስድስቱም ሲያዙ ልቅነቱ ያበቃል፣ ራዲካል የመፍጠር ኃይሉም ይገታል።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያገለገለው ዴፈሮክሳሚን ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን፣ አንዱ ሞለኪውል ብቻውን ስድስቱንም ቦታ ይይዛል። ችግሩ በአፍ ሲወሰድ ጥቅም አለመስጠቱ ነው። ስለዚህ ከቆዳ ሥር በምትገባ መርፌና በትንሽ ፓምፕ አማካይነት ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ከ5 እስከ 7 ሌሊት መሰጠት አለበት። ዴፈሪፕሮን በአፍ የሚወሰድ ሲሆን አንዱን የብረት አቶም ለመያዝ ሦስት ሞለኪውሎች ይፈልጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈቀደው ዴፈራሲሮክስም በአፍ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ አንዱን አቶም ለመያዝ ሁለት ሞለኪውሎች ይበቁታል።

እዚህ ላይ ሊሠመርበት የሚገባ ነገር አለ። በብሪታንያ መድኃኒቱ እያለ፣ እስከ 1990ዎቹ ማብቂያ ድረስ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ 35 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዋናው ምክንያት በየሌሊቱ በመርፌ ተወግቶ መተኛት ለወጣት እጅግ አሰልቺ መሆኑ ነበር። ብረት አያምም፣ አያሳክክም፤ ሕመሙ ሳይሰማ መርፌው ብቻ ይሰማል። በመሆኑም የማይታየውን ጠላት የሚያሳይ መሣሪያ አስፈለገ።

ማግኔት ብረትን ሲያይ

ለረጅም ጊዜ የብረት ክምችት ሲገመት የኖረው በደም ውስጥ በሚለካው ፌሪቲን በተባለ ፕሮቲን ነበር፤ ዛሬም ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ፌሪቲን በኢንፌክሽንና በጉበት ብግነት ጊዜም ይጨምራል። ብረቱ በየትኛው የአካል ክፍል እንዳለም አይናገርም። ከጉበት የሚወሰድ ናሙናም ቢሆን ስለ ልብ ብዙ አይነግረንም።

መፍትሔው ከፊዚክስ መጣ። አካላችን በአመዛኙ ውኃ ነው፤ በውኃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን አስኳሎች፣ ማለትም ፕሮቶኖች፣ ጥቃቅን ማግኔቶች ናቸው። ኤም አር አይ በተባለው መሣሪያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 1.5 ቴስላ የሆነ የማግኔት መስክ አለ፤ ይህም ከመሬት የማግኔት መስክ ከ25,000 እስከ 50,000 ጊዜ ይበልጣል። በዚህ መስክ ውስጥ ፕሮቶኖቹ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሾራሉ። በሬዲዮ ሞገድ ሲቀሰቀሱ ሁሉም በአንድነት መሾር ይጀምራሉ፤ አንድነታቸውም በመሣሪያው የሚሰማ ምልክት ይሰጣል።

በሠርግ ቤት በአንድ ምት የሚያጨበጭብ ሕዝብ እናስብ። ሁሉም በአንድ ምት ሲያጨበጭቡ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። በመካከላቸው አንዳንዶቹን የሚያፈጥን፣ ሌሎቹን የሚያዘገይ ረባሽ ቢገባ ጭብጨባው ፈጥኖ ይበታተናል። በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የተከማቸ ብረት እንዲህ ያለ ረባሽ ነው። ብረት ጥንድ ያላገኙ ኤሌክትሮኖች ስላሉት በዙሪያው ያለውን የማግኔት መስክ ያዛባል፤ በአቅራቢያው ያሉት ፕሮቶኖች ከሌሎቹ በተለየ ፍጥነት ስለሚሾሩ ምልክቱ ቶሎ ይደበዝዛል። ምልክቱ የሚደበዝዝበት ጊዜ ቲ-ሁለት-ስታር ተብሎ ይጠራል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ ነው።

የመደብዘዙ ሕግ ተማሪዎች በሬዲዮአክቲቭ መፈራረስ ትምህርት ከሚያውቁት ኤክስፖኔንሺያል ሕግ ጋር አንድ ነው። በጤናማ ልብ ቲ-ሁለት-ስታር 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ ከ10 ሚሊሰከንድ በኋላ ከምልክቱ 78 በመቶ ይቀራል። ቲ-ሁለት-ስታር 10 ሲሆን 37 በመቶ፣ 5 ሲሆን ደግሞ 14 በመቶ ብቻ ይቀራል። ሐኪሞች ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ የሆነውን ልብ ከብረት ክምችት የጸዳ፣ ከ10 እስከ 20 ያለውን ጥንቃቄ የሚሻ፣ ከ10 በታች የወረደውን ደግሞ ለልብ ድካም በእጅጉ የተጋለጠ አድርገው ይመለከቱታል።

ይህን ዘዴ በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለልብ አውለው ውጤቱን አሳተሙ። የጉበት ብረትና የልብ ብረት እኩል እንደማይሄዱ በግልጽ ታየ። ጉበቱ የጸዳ ሰው ልቡ በብረት ሊሞላ ይችላል፤ ከጉበት ብረት በወራት ሲወጣ ከልብ ለመውጣት ዓመታት ይፈጃልና። በልቡ ብረት ያለበት ሰው ቀድሞ ሲታወቅ ሕክምናው ይጠናከራል። በብሪታንያ ከ2000 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በብረት ክምችት የሚደርሰው ሞት ቀደም ሲል ከነበረው በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ዛሬ በሚገባ የሚታከሙ ሰዎች ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ ልጅ ወልደው እስከ ሽምግልና ዕድሜ መድረስ ይችላሉ። እንደ እኛ ባሉ ሀገሮች ኤም አር አይ በየሆስፒታሉ የሚገኝ መሣሪያ ስላልሆነ፣ የፌሪቲን ተከታታይ ልኬት እስካሁን ዋነኛው መከታተያ ነው። አንድ ነጠላ ውጤት ከሚናገረው ይልቅ የውጤቶቹ አካሄድ የበለጠ ይናገራል።

ከታላሴሚያ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች

የሚከተሉት ነጥቦች የሐኪምን ምክር የሚተኩ ሳይሆኑ ከሐኪም ጋር ለመመካከር የሚረዱ ናቸው።

1. የብረት እንክብልም ሆነ ብረት ያለበት የቫይታሚን ቅልቅል፣ የብረት እጥረት መኖሩ በምርመራ ሳይረጋገጥ መውሰድ አይገባም።

2. ደም በመደበኛነት ለሚወስድ ሰው ከምግብ የሚገባው ብረት ከደም ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ስለዚህ ራስን በምግብ ማስራብ አያስፈልግም፤ እንደ ጉበት ያሉትን እጅግ ብረት የበዛባቸውን መቀነስ ይበቃል። ደም ለማይወስዱት ግን የምግብ ብረት ዋነኛው ምንጭ ነው። ለእነርሱ ከምግብ ጋር ሻይ መጠጣት የብረትን መግባት ይቀንሳል፤ ቡናም እንዲሁ።

3. ቫይታሚን ሲ በእንክብል መልክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። የተከማቸውን ብረት በድንገት ልቅ አድርጎ ልብን ሊጎዳ ይችላል።

4. ትኩሳት እንደ ተራ ነገር አይታይ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ብረት በበዛበት አካል ውስጥ ይስፋፋሉ፤ ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። ዴፈሪፕሮን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ቢሰማው ነጭ የደም ሕዋሳቱ ቀንሰው ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ኪሌተሩን አቁሞ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

5. የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሁሉም፣ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶች ደግሞ በተለይ ጣፊያቸው ለወጣ ወይም ሊወጣ ለታሰበ ሰዎች አስፈላጊ ናቸው። ጉበቱ በብረት ለተጎዳ ሰው አልኮል ተጨማሪ ሸክም ነው።

6. አጥንት በዚህ በሽታ ይሳሳል። ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ የአካል እንቅስቃሴና ከሲጋራ መራቅ ይጠቅማሉ። የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የልብ፣ ዴፈሮክሳሚን ለሚወስዱ ደግሞ የዓይንና የጆሮ ምርመራ በየዓመቱ ይደረግ።

7. ከሁሉም በላይ ኪሌተርን አለማቋረጥ ነው። ለአንድ ወር የተቋረጠ መድኃኒት ለአንድ ወር የተጠራቀመ ብረት ነው። ሕክምናው ከከበደ በራስ ማቆም ሳይሆን ሌላ ዓይነት መድኃኒት እንዲለወጥ መጠየቅ ይቻላል።

ተሸካሚነትና ቀጣዩ ትውልድ

ሁለት ተሸካሚዎች ቢጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ከባዱን በሽታ የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ፣ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ ከሁለቱም ነጻ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ከሰባት ሰዎች አንዱ ያህል ተሸካሚ በሆነባት በቆጵሮስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰፊ ምርመራ ተካሄደ። በ1980ዎቹ የሀገሪቱ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጋቢዎች መመርመራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርቡ መጠየቅ ጀመረች። ከባዱን በሽታ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥርም እጅግ ዝቅ አለ። ሳዑዲ ዓረቢያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከጋብቻ በፊት የሚደረግን ምርመራ ግዴታ አድርጋለች።

ተሸካሚን ከብረት እጥረት መለየት በአግባቡ ከተፈለገ አያስቸግርም። በሁለቱም ሁኔታ ቀይ የደም ሕዋሳት ያንሳሉ፤ ነገር ግን በተሸካሚው ዘንድ ሕዋሳቱ ትንንሽ ሆነው ሳለ ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ፌሪቲኑም አይቀንስም። ብረት እየወሰደ ለወራት ለውጥ ያላየ ሰው «ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል።

ፈውስን በተመለከተ፣ ከሚስማማ ወንድም ወይም እኅት የሚወሰድ መቅኔ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በርካታ ሕፃናትን አድኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ የመጀመሪያውን የቤታ ታላሴሚያ የጂን ሕክምና ፈቀደች። በኅዳር 2023 ደግሞ ብሪታንያ በክሪስፐር ዘዴ የሚሠራውን፣ ማለትም ከውልደት በኋላ የተዘጋውን የፅንስ ሄሞግሎቢን እንደገና የሚያስከፍተውን ሕክምና በመፍቀድ ቀዳሚ ሆነች። ዋጋቸው ግን ለአንድ ሰው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዛሬም መድኃኒቱ የለጋሽ ደምና ኪሌተር ነው።

ይህም ወደ መጨረሻው ስሌት ይመልሰናል። አንድ ለጋሽ በየሦስት ወሩ ቢለግስ በዓመት አራት ከረጢት ይሰጣል። በዓመት 34 ከረጢት ለሚያስፈልገው አንድ ሰው ሳያቋርጡ የሚለግሱ ዘጠኝ ሰዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ የደም ልገሳ ድንኳን ሲተከል በአጠገቡ የሚያልፍ ተማሪ ይህን ቁጥር ያስታውስ።